አሥራ ዘጠነኛው መስመር

በዚያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የወጣ ሰው መምህሮቹን ሊረሳ ይችላል፤ እማማ ፋይልን ግን አይረሳም። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው። ትቆጣለች ብለው በሹክሹክታ ነበር የሚሏት። አንድ ቀን አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ፣ «ማነው እማማ ፋይል ያለኝ? ከጠራችሁኝ አይቀር ጮክ በሉ፣ ጆሮዬ አቧራ ጠግቧል!» ስትላቸው ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ከፕሬዚዳንቱ እስከ ዘበኛው ሁሉም እንዲያ አላት።

መዝገብ ክፍሉ ከሬጅስትራሩ ሕንጻ ምድር ቤት ነበር። አንድ መስኮት፣ አርባ ሁለት የብረት መደርደሪያ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ። ክፍሉ በጋ ከክረምት የአሮጌ ወረቀትና የሙጫ ሽታ አለው። ሌላው ሰው ሲገባ አፍንጫውን ይይዛል። እሷ ግን ከዓመት ፈቃድ ስትመለስ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆማ ያንን ሽታ በረጅሙ ትስበዋለች፤ የሕፃን አናት የምታሸት ይመስል።

ሥራ የገባችው በሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በመጥረጊያና በባልዲ። ትምህርቷ ከሰባተኛ ክፍል አላለፈም። ጽሕፈቷ ግን ጉድ ነበር። የዚያን ጊዜው ሬጅስትራር አንድ ቀን የሳሙናና የመወልወያ ዝርዝር ቀርቦለት ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረው።

«ይሄን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ጥፋት አለው?»

«ጥፋትማ የለውም። ከነገ ጀምሮ መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ስጪ።»

እንዲህ ሆና ነው መዝገብ ቤት የገባችው። የጽዳት ሠራተኛ አመሏን ግን ይዛው ገባች። የውጤት ወረቀት ከመንካቷ በፊት እጇን ትታጠባለች። የገለበጠችውን ቁጥር አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ ከታች ወደ ላይ ታነባለች። ያደፈ ወረቀት፣ የተጎረደ ጠርዝ፣ ባዶ የቀረ ሳጥን ካየች ምግብ አይበላላትም። «ከእኔ እጅ ባዶ ሳጥን ያለበት ወረቀት ወጥቶ አያውቅም» ማለት ትወድ ነበር፤ እውነቷንም ነው።

ሰውም ያምናት ነበር። አንዳንዴ ከሩቅ የመጣ አባት በመስኮቱ አጎንብሶ፣ ልጁን እንዳያስቀይም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እመቤቴ፣ ልጄ እውነት ተመርቋል?» ይላታል። እሷ አትስቅበትም። ሄዳ ፋይሉን ታወጣለች፣ ትከፍታለች፣ ጣቷን ስሙ ላይ ታሳርፋለች። «ይኸው አባቴ፣ በዓይንዎ ይዩት።» ማንበብ የማይችለውም ያችን ጣት አይቶ ልቡ ያርፋል። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ክብር ምን ላይ ነበር ቢባል፣ ግማሹ በዚያች ጣት ላይ ነበር።

ባሏ የሞተው ልጃቸው ጡት ሳትተው ነው። ሴት ልጅ ናት፣ አንድዬ። ብቻዋን አሳደገቻት፤ ልጅቱም እናቷን አላሳፈረችም፣ በትምህርቷ እሳት ሆነች። አንድ አመል ግን ነበራት። ከፈተና ስትወጣ ታለቅሳለች። «እማዬ አበላሸሁት፣ አለቀልኝ» ብላ ትራስ ታረጥባለች፤ ውጤት ሲመጣ አንደኛ ናት። ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅባት ነበር፦ «የዛሬው ልቅሶ ስንት ማርክ ያወጣል?»

ይህቺ ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመቷ እናቷ የምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ ገባች። መድኃኒት ቀማሚ ልትሆን ነበር ሐሳቧ። የዚያን ቀን እማማ ፋይል የልጇን አዲስ ፋይል በእጇ ከፈተች፤ ስሟን ስትጽፍ አንድ ፊደል ቢጣመምባት ሌላ ፎልደር አምጥታ እንደገና ጻፈችው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት፣ ከበሩ ኋላ ሳለች፣ አንዷ የሥራ ባልደረባዋ ለሌላዋ ስትል ሰማች። «እናት መዝገብ ቤት፣ ልጅ ክፍል ውስጥ። ያቺ ልጅ ደግሞ ምን ትጨነቃለች? ወድቃ ብትገኝ እንኳ እናቷ ታነሳታለች።» ሁለቱም ሳቁ። ነገሩ ለእነሱ ቀልድ ነበር፣ ሻዩን ጠጥተው ረሱት። እሷን ግን ጆሮዋን አቃጠላት። ለልጄ ብዬ አንዲት ጣት አላነሳም ብላ ለራሷ ማለች። መሐላውን ማንም አልጠየቃትም፤ ማንም አልሰማትም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው ቧንቧው የፈነዳው።

ከመዝገብ ክፍሉ በላይ መጸዳጃ ቤት ነበር። እሑድ ቀን ቧንቧው ፈንድቶ፣ ሰኞ ጠዋት በሩን ስትከፍት ከኮርኒሱ የወረደው ውኃ ጠረጴዛዋ ላይ ኩሬ ሠርቷል። መደርደሪያዎቹ ተርፈዋል። ጠረጴዛው ላይ ዓርብ ማታ መምህራን ያስረከቧት ሰባት የውጤት ወረቀቶች ግን በስብሰው፣ ሸትተው፣ እርስ በእርስ ተጣብቀው ነበር። ውጤቱ በሳምንቱ መለጠፍ አለበት። እሷም ቀሚሷን ሰብስባ አንድ በአንድ እያላቀቀች ገመድ ላይ ሰቀለቻቸው፤ ከደረቁ በኋላ በንጹሕ ወረቀት ላይ መገልበጥ ጀመረች።

ስድስቱ በእስክሪብቶ የተጻፉ ስለነበሩ ተነበቡ። ገልብጣ ለመምህራኑ ወሰደች፣ አይተው ፈረሙ፣ የሸተተውን ጣለችው። ሰባተኛው ግን የጋሼ ካፖርት ነበር።

ጋሼ ካፖርት የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ ሙቀት ቢሆን ብርድ ያንን ካፖርት አያወልቁም። በእስክሪብቶ መጻፍ ንቀው፣ በቀለም የሚሞላ ብዕር ነበር የሚይዙት። ውኃው የብዕሩን ቀለም በላው። አርባ ሰባት ተማሪ ካለበት ወረቀት አርባ ሦስቱ በግድም ቢሆን ተነበበ፤ አራቱ አልተነበበም። ከአራቱ አንዱ አሥራ ዘጠነኛው መስመር ነው። መጨረሻ ላይ ስምንት ቁጥር ትታያለች፤ ከፊቷ ያለው ቁጥር ሰማያዊ ደመና ሆኗል። አራት ነው ሲሉት አራት፣ አምስት ነው ሲሉት አምስት። አርባ ስምንት ከሆነ ወደቀች፤ አምሳ ስምንት ከሆነ አለፈች።

አሥራ ዘጠነኛዋ ልጇ ነበረች።

ጋሼ ካፖርት በዚያ ሳምንት ታመው ቤታቸው ተኝተዋል። ሐሙስ ከሰዓት ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ሄደች። አልጋቸው ላይ ካፖርቱን ደርበው ቀና አሉ።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው? የታመምኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ውኃ ገባው። የማይነበብ አለ።»

ከትራሳቸው ሥር ትንሽ ደብተር አወጡ። ማርክ የሚይዙበት ደብተር ነው። ስም ጠራችላቸው፤ አንደኛውን ነገሯት፣ ሁለተኛውን ነገሯት፣ ሦስተኛውን ነገሯት። ጽፋ ያዘች። ጋሼ ደብተሩን ሳይከድኑ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

«ሌላስ አለ?»

አፏን ከፈተች። የልጇ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ያ ከበሩ ኋላ የሰማችው ሳቅ መጣባት። ለልጇ ማርክ ልትለምን መጣች ይሉኛል፣ ታመው እንኳ አልጋቸው ድረስ ተከተለቻቸው ይሉኛል አለች በሆዷ።

«የለም ጋሼ» አለች።

እሳቸውም ደብተሩን ከደኑት። «በንጹሑ ገልብጪና አምጪልኝ፣ እፈርምልሻለሁ» አሏት።

ያን ዕለት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ አርባ ስድስቱን መስመር ሞላች። አንድ ሳጥን ባዶ ቀረ። ልጅቱ ከዚያ ፈተና ስትወጣ ያለቀሰችው ትዝ አላት። «አበላሸሁት» ብላ ነበር። ሁልጊዜ የምትለው መሆኑ ግን ትዝ አላላትም፤ ሰው ሲፈራ የሚያስታውሰው የፈራውን ብቻ ነው መሰል። አምሳ ስምንት ብዬ ጽፌ ባይሆንስ? ሌባ ነኝ። አርባ ስምንት ብዬ ጽፌ ባይሆንስ? ልጄ ቅሬታ ታስገባለች፣ ጋሼ የፈተና ወረቀቷን አውጥተው ያዩታል፣ ይስተካከላል። እንዲህ አስባ፣ እንዲህ አምና፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ አርባ ስምንት ብላ ጻፈች። ከላይ ወደ ታች አነበበች፤ ከታች ወደ ላይ አነበበች። ንጹሕ ወረቀት ነበር።

ቅዳሜ ለማስፈረም ስትሄድ ጋሼ ካፖርት ሆስፒታል ገብተዋል ተባለች። ሬጅስትራሩም፣ «አንቺ ከገለበጥሽው ምን ይጠየቃል» ብሎ ሳይፈረምበት ማኅተም አደረገበት። ጋሼ በሳምንቱ ሞቱ።

ልጅቱ ውጤቷን ሰሌዳው ላይ አየች። በዚያን ጊዜ ደንብ የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ የወደቀ ይሰናበት ነበር፤ ስሟ ከሚሰናበቱት ጋር ወጣ። እናት ቅሬታ ታስገባለች ብላ ጠበቀች፤ ልጅቱ ግን እንዲያ ዓይነት አልነበረችም። «የወደቅሁትን ወድቄያለሁ እማዬ፤ ደግሞ በሙት ሰው ላይ ቅሬታ?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንባ እንኳ አልነበራትም። ያኔ ነው እማማ ፋይል የደነገጠችው። ደብተሩን ፍለጋ የጋሼ ቤት ሄደች። ልጆቻቸው ዕቃውን አውጥተዋል፣ ቤቱ ተከራይቷል፣ አዲሱ ተከራይ ግድግዳ እየቀባ ነበር። «ወረቀት? የወረቀት ክምር ነበር፣ ለቆሻሻ መኪና ሰጠነው» አላት፤ ብሩሹን እንኳ አላስቀመጠም።

ልትነግራት ስንት ጊዜ ተነሳች! ነገ እላለሁ ስትል ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት ሆነ። ያንን ውኃ የበላውን ወረቀት ግን እንደሌሎቹ አልጣለችውም። ከቢሮ መውጣት የሌለበትን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ቤቷ ወሰደችው፤ ከቁም ሣጥኗ ታችኛው መሳቢያ፣ ከተነጠፈው ጋዜጣ ሥር አኖረችው። አልፎ አልፎ አውጥታ ወደ መስኮቱ ትይዘዋለች። አንዳንድ ቀን አራት ነው፤ አንዳንድ ቀን አምስት።

ልጅቱ ጥቂት ዓመት እዚህም እዚያም ሠርታ፣ በመጨረሻ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተች። የዓለም ነገር! የሌላውን ሰው ዲግሪ ስታባዛ ኖረች። ተመራቂዎች ጋዎናቸውን እንደለበሱ እየሮጡ ይመጣሉ፤ እሷ ዲግሪያቸውን መስታወቱ ላይ ቀጥ አድርጋ ታስቀምጣለች፣ ክዳኑን ትዘጋለች፣ ብርሃኑ ያልፋል። «እንኳን ደስ አለህ። ስንት ኮፒ?» ትላለች። አላገባችም። የሚጠይቃት ሲኖር፣ «ማሽኑ ይቀናል» ትላለች። ከእናቷ ጋር ግን እንደ ጓደኛ ነበሩ። በየእሑዱ ትመጣለች፣ የእናቷን እግር በሞቀ ውኃ ታጥባለች፣ እማዬ እማዬ ስትል ትውላለች። ያች እማዬ ማለቷ ነበር የእማማ ፋይልን አንጀት የምትበላው።

እማማ ፋይል ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ተዋረደ። ወረቀቱ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር፣ በዚያ ግርግር፣ ሁለት ሠራተኞች ዲግሪ ሲሸጡ ተያዙ። የተሸጠው ብዛቱ አልታወቅ አለ፤ ያልታወቀው ደግሞ ከታወቀው የባሰ ሆነ። አሠሪዎች ያንን ማኅተም ሲያዩ ፋይሉን ይመልሳሉ። አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ዲግሪ አለኝ ካለ፣ ሌላው «ቀለሙ ደርቋል?» ይለዋል። ተማሪውም በመምህሩ፣ መምህሩም በቢሮው ማመን አቃተው። አዲስ ፕሬዚዳንት ተሾመች። ቆፍጣና ሴት ናት፤ መጀመሪያ ያለችው ነገር ይህ ነው፦ «እያንዳንዱ ዲግሪ ከመጀመሪያው የውጤት ወረቀት ጋር ይመሳከራል። ያልተመሳከረው እስኪጣራ ይታገዳል።»

ሰዉ አጨበጨበ። እማማ ፋይልም ቤቷ ሆና በሬዲዮ ስትሰማ ጎሽ አለች። ከዚያ ያ መሳቢያ ትዝ አላትና እጇ ሬዲዮው ላይ ቀረ።

ሁለት ወር አልሞላም፣ አንድ እሑድ ልጇ አንዲት ሴት ይዛ መጣች። አዋላጅ ነርስ ናት፤ በመጀመሪያ ዓመት አብራት ተምራለች። አሥራ ሰባት ዓመት የሰው ልጅ ስትቀበል ኖራ፣ ዲግሪሽ አጠራጣሪ ነው ተብላ ከሥራ ታግዳለች። ገና ከመቀመጧ እንባዋ መጣ።

«እማማ፣ ይፍረዱኝ። የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ ውጤቴ የማን ጽሕፈት እንደሆነ አይታወቅም፣ የመምህሩ ፊርማ የለበትም አሉኝ። እዚያ ወረቀት ላይ ካለነው የተመረቅነው ሠላሳ አንድ ነን፤ ሁላችንም ታግደናል። ትናንት አንዷ ወላድ ‹እሷ እንዳትነካኝ› አለች። በጆሮዬ ሰማሁ!»

ልጇ ከቦርሳዋ አንድ ኮፒ አወጣች። ኮሚቴው ለአዋላጇ የሰጣት ነው፤ የእሷ መስመር ብቻ ይታያል፣ ሌላው ተሸፍኗል።

«ኮፒ ልታስነሳ ስትመጣ ነው ያየሁት እማዬ። ሳየው ጮህኩ። ይሄማ ያንቺ ጽሕፈት ነው! ስምንትሽን የት ባየው አውቀዋለሁ። ሄደሽ እኔ ነኝ የገለበጥኩት በያቸው። ያንቺን ቃል የማያምን አለ?»

እማማ ፋይል ኮፒውን ያዘች። ጉልበቷ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

«እማዬ? ትሄጃለሽ አይደል?»

«እግሬን አሞኛል» አለች።

ሦስት ቀን ታመምኩ ብላ ተኛች። ዋናው ወረቀት እጇ ላይ ነው። እሱን ይዛ ብትሄድ፣ ከገለበጠችው ጋር መስመር በመስመር ይመሳከራል፤ ሠላሳ አንዱም ሰዎች ይነጻሉ። ግን እዚያው ወረቀት ላይ አሥራ ዘጠነኛው መስመር አለ። ወረቀቱን ከፍሎ መውሰድ አይቻልም። በአራተኛው ቀን ልጇን ጠርታ፣ «ዓይኔ አላይ ብሎኛል፣ አብረሽኝ ነይ» አለቻት። መንገድ ላይ እነግራታለሁ ብላ ነበር። አውቶቡሱ ላይ ልትነግራት ስትል አንዱ እግሯን ረገጣት። በሩ ላይ ስትል ሽማግሌው ዘበኛ፣ «እማማ ፋይል! ሰው ሁሉ ሌባ ሆነ ሲባል እኔ አንቺን እየጠራሁ እኮ ነው የምከራከር!» ብሎ አቀፋት። ከዚያ ወዲያ ቃሉ ከየት ይምጣ።

ኮሚቴው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል፤ አምስት ሰዎችና አንድ ኮምፒዩተር። ሰብሳቢው ወጣት የሕግ ሰው ነው። በአክብሮት ወንበር ሳበላት።

«እማማ፣ የእርስዎ ጽሕፈት መሆኑን ልጅዎ ነግራናለች። ግን ቃል ብቻ አይበቃንም። ዘመኑን ያውቁታል።»

«አውቃለሁ ልጄ። ቃል ብቻ አልያዝኩም» አለችና ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው።

ልጇ ዞር ብላ አየቻት። «ይሄ ምንድን ነው እማዬ? የት ነበር?»

ሰብሳቢው ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው። ቡናማ ሆኗል፤ ቀለሙ ገርጥቷል። መነጽር አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ለጎኑ ሰው ሰጠው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ነው ልጅቱ እጇን የዘረጋችው።

«ስጡኝ እስቲ። የደበዘዘ ወረቀት ማንበብ ሥራዬ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ሌላ ምን ሠራሁ?»

እማማ ፋይል «ተዪው፣ እነሱ...» ስትል ሰብሳቢው ለልጅቱ አቀበላት። ልጅቱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጋ ማንበብ ጀመረች። እሷ ታነባለች፣ ሰብሳቢው ከኮምፒዩተሩ ያያል።

«አንደኛ፣ ሰባ ሁለት።»

«ሰባ ሁለት። ትክክል።»

«ሁለተኛ፣ አምሳ አምስት።»

«ትክክል።»

እየሄደ በሄደ ቁጥር የሰዎቹ ፊት እየበራ መጣ። አሥረኛ፣ ትክክል። የማይነበብ መስመር ሲገጥማት፣ «ይሄ ጠፍቷል» አለች፤ እማማ ፋይልም አንገቷን ደፍታ፣ «እሱን ከጋሼ ደብተር ነው ያገኘሁት» አለች። አሥራ ስምንተኛ፣ ትክክል። የአዋላጇ መስመር ነበር፤ ልጅቱ ፈገግ አለች።

«አሥራ ዘጠነኛ...»

ልጅቱ ወረቀቱን ቀረብ አደረገችው። አራቀችው። ኮፒ ቤቷ ውስጥ እንደምታደርገው በጎን አዘነበለችው።

«መጨረሻው ስምንት ነው» አለች ቀስ ብላ። «የፊተኛው አይነበብም።»

ሰብሳቢው ኮምፒዩተሩን አየ። «እዚህ አርባ ስምንት ይላል። እማማ፣ ይሄም ከደብተሩ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

«ከራሴ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ሳቁ፣ ስለ ደብተሩ፣ ሌላስ አለ ተብላ የለም ስላለችው። ስትናገር ሰብሳቢውን ብቻ ነበር የምታየው፤ ጎኗ ያለውን ወንበር ማየት አልቻለችም።

«ባዶውን ለምን አልተዉትም?» አላት፤ ቁጣ አልነበረውም። «አልተነበበም ብለው ቢያልፉት ይበቃ ነበር እኮ።»

ይህን ጥያቄ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሷን ጠይቃ አታውቅም። «ባዶ ሳጥን ያለበት ወረቀት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም ልጄ» አለች፤ ስትወደው የኖረችው አባባል አፏ ውስጥ እንደ አመድ ሆነ።

ቀሪውን አንድ ሌላ የኮሚቴ አባል አነበበው። እስከ አርባ ሰባተኛው ትክክል ነበር። የተነበበው ሁሉ ከተገለበጠው ጋር ገጠመ። አንዱ አባል ለጎኑ ሰው፣ «የገዛ ልጇን የጣለች ሴት ለሌላው ማርክ አትጨምርም» ሲል ተሰማ። ለማመስገን ነበር ያለው።

ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ አለ። ልጅቱን እዚያ ተቀምጣ አገኘቻት። አጠገቧ ተቀመጠች፤ መካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ተወች።

«ሦስቱ እነማን ነበሩ?»

«አንደኛው አሁን ዳኛ ነው። አንደኛዋ ሞታለች። ሦስተኛውን አላውቀውም።»

«ለነሱ ደብተሩን አስከፈትሽላቸው።»

«አዎ።»

«ሌላስ ሲሉሽ የለም አልሽ።»

«አዎ ልጄ።»

ልጅቱ ጣቶቿን አየች፤ የኮፒ ቀለም ጥፍሯ ሥር ገብቶ የማይወጣ ጣት። «ሃያ ሁለት ዓመት ደነዝ ነኝ ብዬ ነው እኮ የኖርኩት።»

«ያን ቀን አልቅሰሽ ነበር፣ አበላሸሁት ስላልሽኝ...»

«ከፈተና ወጥቼ ያላለቀስኩበት ቀን አለ?» ብላ ጮኸች፤ ኮሪደሩ መልሶ ጮኸ። «አንደኛ ስወጣም አለቅስ ነበር! እናቴ አይደለሽም? አንቺ ካላወቅሽው ማን ይወቀው?»

 በመጨረሻ ልጅቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ድምፅዋ እንደ ትንሽ ልጅ ሆኖ።

«አራት ነው አምስት?»

«አላውቅም ሆዴ። እሱን እንኳ ባውቀው ይሻለኝ ነበር።»

ሠላሳ አንዱም ሰዎች ተመለሱ። ፕሬዚዳንቷ ነገሩን አልደበቀችም። ወረቀቱ እንዴት እንደተበላሸ፣ ማን እንደገለበጠው፣ አንዱ ውጤት በግምት እንደተጻፈ፣ ሳይፈረም ማኅተም ማድረግ ጥፋት እንደነበረ አስጽፋ በሩ ላይ ለጠፈችው። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ስሕተት በራሱ ማኅተም ሲናገር ሰው ያየው ያኔ ነው። ተሰብስቦ አነበበው። «ይሄንን ካወጡስ፣ ሌላውንም እውነት ይላሉ» አለ አንዱ። ዘበኛው በስልክ እንደነገራት፣ የሚያሾፍ አልነበረም።

ልጅቱ እሑድ መምጣቷን አልተወችም። መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፣ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ስለ ሙቀቱ ታወራለች። እግር ማጠቡ ግን ቀረ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ፣ «ሌላ የሚያስፈልግሽ ነገር አለ እማማ?» አለቻት። እማማ፤ ሰልፍ ላይ ቆሞ በመስኮት የጠራት ሰው ሁሉ እንደሚላት። ልጅቱ ያለችውን ያስተዋለች አይመስልም። እናት ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ እዚያው እንደ ቆመች ቀረች።

በወሩ አንድ ደብዳቤ ለእማማ ፋይል ቤት መጣ። በድሮው ፋይል ላይ ያለው አድራሻ እሱ ስለሆነ ነው እንጂ ደብዳቤው ለልጅቱ ነው። አሥራ ዘጠነኛው መስመር «አልተነበበም» ተብሎ ተስተካክሏል፤ ስንብቱ ተሰርዟል፤ በፈለገችበት ዓመት ካቆመችበት መቀጠል ትችላለች ይላል። እማማ ፋይል በአጉሊ መነጽር ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ደግሞ ከላይ። እሑድን መጠበቅ አልቻለችም።

ኮፒ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነበር። የነጹት ሰዎች አዲስ ማኅተም የተመታበትን ዲግሪ ይዘው ቆመዋል። አዋላጇ አይታት ሮጣ አቀፈቻት፤ «ከፊት ይግቡ እማማ» አሏት። «አይሆንም፣ ተራዬን እጠብቃለሁ» አለች። መስታወቱ ኋላ ልጇ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ብርሃኑ ፊቷን ያበራዋል፣ መልሶ ይተወዋል። ጸጉሯ ከጆሮዋ በላይ መሸበቱን ዛሬ ነው ያየችው።

«ተረኛ!»

ደብዳቤውን በመስኮቱ ሰጠቻት። ልጅቱ አነበበችው። መጨረሻው ደረሰች፣ እንደገና ከላይ ጀመረች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ መስታወቱ ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው፣ ክዳኑን ዘጋች፣ ብርሃኑ አለፈ። ትኩሱን ኮፒ አጥፋ ደረት ኪሷ ከተተች። ዋናውን መለሰችላት።

«ዋናውን አንቺ ያዢው» አለች። «ዋና ማስቀመጥ ትችይበታለሽ።»

እማማ ፋይል የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ከኋላዋ ያለው ሰው ዲግሪውን ይዞ በትሕትና ወደፊት ተጠጋ። ልጇ ቀና ብላ ከእሷ አልፎ ወደሱ አየች።

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው። «ስንት ኮፒ?»